የካፖርቱ ገበር

ለመንታ እህቴ፣ በአስር ደቂቃ ለምትበልጪኝ ታላቄ፤

እንደምን ከርመሻል? የባልሽ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል? ልጃችንስ? አራተኛ ወሯን ስትይዝ ማቅለሽለሹ ይተዋታል ብለሽኝ ነበር፤ ተዋት? ከሳሙና ሽታ ራቂ በያት። ወልጄ ባላውቅም ምክር ለመስጠት የሚቀድመኝ የለም፣ ታውቂኛለሽ።

እኔ... እዚህ ላይ እንደ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ቦታ ስደርስ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ብቻ እስክጨርስ ድረስ ደብዳቤውን እንዳትጥዪው፣ በእናታችን ይዤሻለሁ። ልትሰሚው የማትፈልጊውን ነገር አልጽፍም፣ ቃሌ ነው። ስልክ ያልደወልኩትም ለዚሁ ነው። ገና «ሃሎ» ስል «ምን ሆነሻል?» ትይኛለሽ። ካንቺ የሚደበቅ ድምፅ አልፈጠረብኝም።

ባለፈው በስልክ የተጣላነውን አልረሳሁትም። መነጽራሙ ሐኪም ያለኝን ነበር የነገርኩሽ፦ እናታችንን የገደላት በሽታ በዘር ይወርዳል፣ ለልጅ መድረስ አለመድረሱ ግማሽ በግማሽ ነው፣ በደም ምርመራ አስቀድሞ ይታወቃል፣ መድኃኒት ግን የለውም። አንቺና እህትሽ ደግሞ ከአንድ ጽንስ የተከፈላችሁ መንታ ስለሆናችሁ ያንቺ ውጤት የእሷም ውጤት ነው፤ እሷ ካልተስማማች መርፌ አላስነካሽም ብሎ መለሰኝ። አንቺም መድኃኒት የሌለውን ነገር ማወቅ ምን ይረባኛል አልሽኝ። ተይኝ፣ ሳላውቅ ልኑር፤ ሁለተኛ ይህን ነገር ካነሳሽብኝ እህት የለኝም በይ ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።

አልኩ እኮ። እህት የለኝም አልኩ።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ቅጽ ይዛ ትጠይቀኛለች። እናት? ሞታለች። አባት? ሞቷል። ወንድም፣ እህት? የለኝም። መንታ? ኧረ ብቻዬን ነኝ። አርባ ሰባት ዓመት ስኖር ይህችን ቃል ካፌ አውጥቻት አላውቅም። ልጅቷ ቀና ብላም ሳታየኝ ባዶው ቦታ ላይ በብዕሯ ጭረት አደረገችበት። አንቺን፣ ልጃችንን፣ በሆዷ ያለውንም በዚያች ጭረት ሰረዝኳችሁ። ይቅር በይኝ። ስወጣ መንገዱ ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ፤ ሠራተኞቹ ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ለምን ሄድሽ ትይኛለሽ። ምን ልበልሽ? ስፌት ሱቁ ውስጥ ስፒል ከእጄ ይወድቅብኛል። የማን አይወድቅም? አንድ ቀን ግን ሳጥኑ እንዳለ ተገለበጠብኝና ካውያ የሚተኩሰው ቀልደኛ ባልደረባዬ፣ እትዬ ዛሬ ደግሞ ስፒል መዝራት ጀመርሽ? አጨዳው መቼ ነው? ብሎ ሱቁን በሳቅ ሞላው። ያ ሰው ሌላ ጊዜ ሲቀልድብኝ አልተውለትም። የዚያን ቀን ግን ተንበርክኬ ስፒሉን ለቀምኩ። እናታችን መጣችብኝ። በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ እኛ አራተኛ ክፍል ሳለን፣ እጇ በራሱ ጊዜ መወዛወዝ ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ መጠጥ ለመደች ሲል ትዝ ይልሻል? አንቺስ ማንኪያ ከእጅሽ ሲወድቅ ያ ነገር አይመጣብሽም? አይመጣብኝም ብለሽ እንዳትዋሺኝ።

ውጤቱ ሲደርስ ጠሩኝ። ሐኪሟ ከጠረጴዛዋ ተነስታ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ወረቀቱንም ሰጠችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ሰንሰለት ታስሬ ነው ያለሁት። ብስቅ ታውቂያለሽ። ባለቅስ ታውቂያለሽ። ዝም ብል ደግሞ ይብሳል፣ እኔን ዝም ብዬ አይተሽኝ አታውቂምና። የራሴን ነገር ለሰው አውርቼ እንዳይወጣልኝ የራሴ ብቻ አይደለም፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያንቺን ገላ ነው የማወራው። እሑድ እመጣለሁ ብዬሽ የቀረሁትም አውቶቡስ አጥቼ አልነበረም። ትኬቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሐኪሟ ደግ ናት። አሁንማ ዘመኑ ተራቅቋል አለችኝ፤ ጽንሱ ገና በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ጠብታ ሳለ ይታያል፣ በሽታው ያለበት ይቀራል፣ የሌለበት ማህፀን ይገባል። ጥሩ ነው፤ ልጇ እንዲታመም የምትፈልግ እናት የለችም። ግን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ይህ ነገር ያን ጊዜ ቢኖር እናታችን እንድትወለድ ማን ይፈቅድ ነበር? የእሷ እንደሁ የታወቀ ነው። እኛንስ፣ ገና ሁለት ሳንሆን አንድ ጠብታ ሳለን፣ ያዩን ነበር፤ ምን ይሉን እንደነበር አልነግርሽም። ብንቀር ኖሮ የሒሳብ ፈተናዬን ማን ይፈተንልኝ ነበር?

እናታችን ዩኒፎርማችንን ስትቆልፍልን ታስታውሻለሽ? እጇ አልታዘዝ እያላት፣ እኛ እንቆልፈው ስንላት እንቢ እያለች፣ አንዱን ቁልፍ ከሌላው ቀዳዳ እያስገባች፣ ራሷም እየሳቀች። በየቀኑ አስር ደቂቃ እናረፍድ ነበር። አስተማሪው ይቆጣን ነበር። ለሐኪሟ ይህንን ልጠይቃት ፈልጌ አፍሬ ተውኩት፦ ያቺ አስር ደቂቃ በደም ምርመራ ትታያለች ወይ? እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ግን የሰው ሕይወት ምንድን ነው ብትይኝ ያቺን ከማንሳት ሌላ መልስ የለኝም።

ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ ልጃችን ትመጣብኛለች። ያንቺ አለማወቅ ያንቺ ነው፣ አልነካብሽም። የእሷ ግን የማን ነው? በሆዷ ያለውስ? እኔ ልንገራት ብል ያንቺን ነገርኩብሽ። ዝም ብል እሷን ከዳሁ። በየት በኩል ልውጣ? ስንት ሳምንት ዞሬ ዞሬ በር አጣሁለት፤ መጨረሻ ላይ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ።

ለብርዱ ካፖርት ስፊልኝ ያልሽኝን ጨርሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አረንጓዴውን ጨርቅ ነው፣ ወደ ጥቁር የሚወስደውን። የሐኪሟን ወረቀት አሽጌ በግራ በኩል ገበሩ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ቀጭን ነው፣ አይቆረቁርሽም። ዕድሜሽን ሙሉ ሳትፈቺው ልትለብሺው ትችያለሽ። ልጃችን አንድ ቀን ከጠየቀችሽ ግን መቀስ አቀብያት። አቃጥለዋለሁ ካልሽም ወረቀቱን ብቻ አውጥተሽ አቃጥዪ፤ ካፖርቱን ከነካሽው እንጣላለን፣ ጨርቁን ለማግኘት ነፍሴ ወጥቷል።

ገበሩን በእጄ ነው የዘጋሁት። ሠላሳ ዓመት ጠርዝ ስዘጋ ስፌቴ የት እንዳለ ፈልጎ ያገኘ ደንበኛ የለም፤ ይህኛውን ግን አራት ጊዜ ፈትቼ አራት ጊዜ ሰፍቼውም ተንጋዷል። ቤቱ ይበርዳል፣ ክሩም ጥሩ አልነበረም። ገበሩን ብዙ አትመልከቺው፣ በውጭ በኩል ያምራል።

ቁልፎቹን ትንንሽ አድርጊልኝ ነበር ያልሽኝ። እሺ ብዬሽ ነበር፣ ገዝቼም ነበር፤ በኋላ ነቅዬ በትልልቅ ቀየርኳቸው፣ ቀዳዳዎቹንም አሰፋኋቸው። አትቆጪኝ። ለመቆለፍ ይቀላሉ።

ልጃችንን በሰላም ይገላግልልን፤ የሚመጣውንም በሳቅ የሚያድግ ያድርግልን። የባልሽን ጉልበት ያጽናለት፣ ብዙ ደረጃ ይወጣልና። ያንቺን እጅ ይባርክልኝ፣ እህቴ፤ ሁለቱንም እጆችሽን ስሜልሻለሁ።

በአስር ደቂቃ የማንስሽ፣
መንታሽ