አጥንቱ ለውሻዋ ነበር

ጓድ ወንድይፍራው፣

ውሻህን ሶፊያን ይዣት ሄጃለሁ። እንደማትፈልጋት አውቃለሁ።

ቡልጋሪያ ስትማር የጎዳና ውሻ አንስተህ እንዳሳደግህ ለቀበሌ ጓዶችህ ስትተርክ ስንት ጊዜ ሰማሁ! ይህችንም ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ቦይ ያነሳሃት እነሱ እያዩህ ነው። እነሱ ሲሄዱ ረሳሃት።

ያበላኋት እኔ ነኝ። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሉካንዳ ዝግ ስለሆነ አጥንት ከሐጂ ሸምሱ ሉካንዳ ገዛሁላት። አከራያችን እትዬ ወለተጻድቅ ከዚያ ስወጣ አይተውኝ ኖሮ፣ ትናንት «አምሐ በጾም፣ ያውም የእስላም ሥጋ ይበላል እንዴ?» ብለው ጠየቁህ። «እሱንማ ፈጣሪው ይወቀው!» ብለህ ሳቅህ። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።
«ለውሻዬ ነው» ማለት ይህን ያህል ከበደህ?

እኔ ብነግራቸው «የሰው ውሻ አንተን ምን አገባህ?» ብለው ቤት ልቀቅ አሉኝ። ትናገርልኛለህ ብዬ እስኪነጋ ጠበቅሁ። አንተ ታንኮራፋለህ።

ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው። ላምባ አልቋል። የግራ ጫማህን አኝካዋለች፤ እያየሁ አላስጣልኋትም። ስለ ጫማው ይቅርታ።

ጓዶችህ «ውሻዋስ?» ካሉህ፣ ለትምህርት ውጭ አገር ልኬአታለሁ በላቸው።

አምሐ