ማንም ያልከፈተው መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ዛሬ አንጀቴ አርሯል። ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ብንገዛው የትኛው ልጆቹን እንደሚስብ ለማየት፣ ሁለት ናሙና መጻሕፍት ሦስተኛ ክፍል አስቀምጬ ነበር። አንዱ ከገበያ ስለጠፋች አህያ የሚያወራ ተረት ነው። ሌላው ስለ ንጽሕና ይመክራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአህያዋን ተሻምተው ጨረሱት። ገጾቹ በማንጎ ተጣበቁ፤ ሽፋኑም ተገንጥሎ የት እንደገባ አይታወቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማው ዘይነባ እንኳ ለጓደኞቿ ጮክ ብላ ስታነብላቸው ሰምቻለሁ።

ከሰዓት የግዢ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ታደሰ ሁለቱንም አገላበጡና የአህያዋን ወደ ጎን ገፉት።

«ይሄማ ገና ሳይገዛ ተበጣጠሰ። ጥራት የለውም» አሉ።

«ጋሼ፣ የተበጣጠሰው ስለወደዱት እኮ ነው። ያኛውን ማንም አልከፈተውም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ያኛው ይበረክታል።»

ሌሎቹ አባላት በሙቀቱ ዝለው ስለነበር ማንም አልተከራከረም። ሠላሳ ቅጂ የንጽሕናው መጽሐፍ እንዲገዛ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ሁሉም ፈረሙ።

በጣም ያናደደኝ ግን የእሳቸው ነገር አይደለም። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ እኔም ፈረምኩ።

ስወጣ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች፤ የተባባልነውን ሳትሰማ አልቀረችም። የጠፋውን ሽፋን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ጠርጋ አጽድታ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ቲቸር፣ አሁንስ ይገዙልናል?» አለችኝ።

ሽፋኑን ተቀበልኳት። በፈረምኩበት እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።