በስምህ የተቆለለው

ውድ ወንድሜ አካለ ወልድ፣

ቢቸና ሁሉም ደህና ነው። ጤፉ ተወቅቷል፤ ያ ተዋጊ በሬህም ተሸጧል፤ የገዛው ሰውዬ እስካሁን ይረግመናል። የምጽፍልህ ግን ስለ ቁልሉ ነው።

የሞጣ መንገድ ጥብቁን ደን በሚያቋርጥበት፣ አራዊቱን ስትጠብቅ በኖርክበት፣ ፌስታል ስትለቅም መኪና ገጭቶ በገደለህ ቦታ ላይ፣ መጀመሪያ አላፊው ሁሉ እንደ ወጉ ድንጋይ እያኖረ “ነፍስ ይማር” ይል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ አውቶቡሱ መቆም ተወ። ከመስኮት ደግሞ ድንጋይ አይወረወርም፤ ተሳፋሪው በእጁ ያለውን ባዶ ሃይላንድ፣ የሙዝ ልጣጭ የቋጠረ ፌስታል ይወረውር ጀመር። ረዳቱ ጭራሽ “የአካለ ወልድን ድርሻ” እያለ ያስታውሳል። ለአንዲት ፌስታል ብለህ ከሹፌር ስትጣላ የኖርከው ሰውዬ፣ ድርሻህ ያው ፌስታል ሆነልህ።

ቁልሉ ከሰው ቁመት በለጠ። ነፋስ በሃይላንዶቹ አፍ ሲገባ ያቃስታል፤ ሰዉም “አልጠገበም” እያለ ይጨምራል። አጠገቡ አንዲት ሚዳቋ ሞታ ተገኘች፤ ሆዷ ሲከፈት ፌስታል ብቻ። እሷንም አካለ ወልድ በላት አሉ። ዘብ የቆምክላትን! ስምህ እንደ ጭራቅ የልጅ ማስፈራሪያ ሲሆን ዝም ብዬ ልይ?

የሞጣዋ ጓደኛዬ ሙኒያ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ጆንያ ይዛ መጣች። የሙት ድርሻ አይነካም ቢሉንም በጠራራ ፀሐይ ስንጠርግ ዋልን። ወንድምሽ ለስላሳ እንዲህ ይወድ ነበር ወይ እያለች ታስቀኛለች። መጨረሻ ላይ ድንጋዮቹ ብቻ ቀሩ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ላይ ሆነው ያዩናል፤ አንዱም ድምፅ አያሰማም። ሃይላንድ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም።

ያኔ ከደኑ ውስጥ “እታለም” ተባልኩ።

ካንተ በቀር ማንም እንዲህ ጠርቶኝ አያውቅም። ሙኒያ ክንዴን ጨበጠችው።

“አቤት እንዳትይ” አለችኝ።

በዱር ለጠራ ድምፅ፣ ማንነቱ ሳይታወቅ አቤት አይባልም፤ የእሷም የእኔም እናት ያሳደጉን በዚህ ነው። ጆንያችንን እየጎተትን አስፋልቱ ላይ ወጣን። ዞር አላልኩም።

ክፉ መንፈስ ከሆነ ፈጣሪ ጠብቆኛል። አንተ ከሆንክ ግን ታላቅ እህትህ ሰምታ ዝም አለችህ፤ ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ወንድምዬ።

በሚመጣው ቅዳሜ ብቻዬን እመጣለሁ። ለሙኒያ አልነገርኳትም። ድገምና ጥራኝ።

አቤት የምትልህ፣
እህትህ ይርጋነሽ