ጸሎታቸውን አልከሰስኩም

እኔ፣ ሜትር ከአንገቴ ስለማይጠፋ ሠፈርተኛው ሁሉ «እማማ ሜትር» እያለ የሚጠራኝ ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ በመኝታ ክፍሌ ትራስ ተደግፌ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ እግሬም አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። አእምሮዬ ግን በእጄ ነው። ያስገደደኝም ያባበለኝም ሰው የለም። የሚጽፍልኝ ጡረታ የወጣው አስተማሪ ነው። ምስክሮቼ ጎረቤቴ መካኒኩ፣ የክሊኒኩ ነርስና አበባ ሻጯ ናቸው። ታላቋ ልጄም ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ትሰማለች።

አስቀድሜ ስለሞተችው ልጄ እናገራለሁ፤ እሷን ሳላነሣ ቤቴን ባከፋፍል ምክንያቴ አይገባችሁምና።

ትንሿ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። መድኃኒቷን በሰዓቱ እስከዋጠች ድረስ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ትውል ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። እሷን ለመስማት ሲሉ ልብሳቸው ባይደርስ የሚመርጡ ደንበኞች ነበሩኝ። ወንድሟ ወደ አንድ የጸሎት ማኅበር መሄድ ሲጀምር እሷንም አስከተላት። እኔ አልከለከልሁም። ወንዱ ልጄ አባቱ ከሞተ ወዲህ መጠጥ ጀምሮ ከሰው ተራ ወጥቶ ነበር፤ መጠጡን ያስተወው ያ ማኅበር ነው። አስተማሪ፣ ይህንንም ጻፍልኝ፤ የተደረገልኝን መልካም ነገር አልክድም።

አንድ ቀን ግን የማኅበሩ መሪ ልጄን በሰው ሁሉ ፊት አቁሞ፣ «ድነሻል። ከእንግዲህ ክኒን ብትውጪ ፈጣሪን ውሸታም ማለትሽ ነው» አላት። መድኃኒቷንም ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ሌላ ገዝቼ መጣሁ፤ እያለቀሰች እምቢ አለችኝ። ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ ክኒኑን ፈጭቼ ሻይዋ ውስጥ ጨመርሁት። ምሬቱን ለይታ አወቀችብኝና ከእጄ መብላት አቆመች።

ብዙም ሳይቆይ በጸሎት መካከል ወደቀች። መንቀጥቀጡ አልለቃትም። ክሊኒኩ ከጸሎት ቤቱ መንገድ ማዶ ነው፤ ከበሩ ሆኖ ቢጣሩ ይሰማል። ሰዎች ተሸክመዋት ሊወጡ ሲነሡ መሪው በሩን አስዘግቶ፣ «ጸልዩ እንጂ አትጠራጠሩ» አላቸው። ጸለዩ። ራሷን ታቅፎ የነበረው ወንድሟ ነው። በመጨረሻ ይህች ነርስ ተጠርታ ስትደርስ ልጄ ቀዝቅዛ ነበር።

ከሰስሁ። የማኅበሩ ጠበቃ፣ ሰው ኅሊናው እንደመራው የማመን መብት እንዳለው፣ ፍርድ ቤትም በሰውና በፈጣሪው መካከል መግባት እንደማይገባው ረዘም አድርጎ ተናገረ። ስለ መብቱ የተናገረውን እኔም አምንበታለሁ። ዳኛዋ ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ፣ «ጸሎታቸውን አልከሰስኩም። የልጄን መድኃኒት የወሰደውን፣ በሩን ያስዘጋውን ሰው ነው የከሰስኩት» አልሁ።

ከዚያ የማኅበሩ ሰዎች ተራ በተራ ቀርበው መሪው መድኃኒት ሲወስድ አላየንም አሉ። ወንዱ ልጄም ከእነሱ አንዱ ነበር። እኔን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነው የመሰከረው። ከማኅበሩ ሰዎች ያየችውን የተናገረችው ይህች አበባ ሻጭ ብቻ ናት። ከማኅበሩ አልወጣችም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አጠገቧ ሳይቀመጥ ከኋላ ወንበር ብቻዋን ትጸልያለች። ለምን ትታቸው እንደማትሄድ ብጠይቃት፣ እምነቱ የመሪው ርስት እንዳልሆነ ነገረችኝ። በቃሏ መሪው ተፈርዶበት ታሰረ።

የፍርዱ ዕለት የሠፈሩ ጎረምሶች ጸሎት ቤቱን ሊያፈርሱ ድንጋይ ይዘው ወጡ። መካኒኩም በዚያ ዕድሜው ከጎረምሶች ጋር ነበር፤ ቅር ቢለውም ይጻፍ። ቀድሜያቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ። «ውስጥ ያሉት የሰው ልጆች ናቸው። የእኔም ልጅ አለበት» አልኋቸው። ቀስ እያሉ ተበተኑ።

መሪው ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ሱቄ ድረስ መጣ። «ፈጣሪ ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አለኝ። «ከፈጣሪ ጋር ያለህን ከእሱ ጋር ጨርስ፤ እኔን ስለ ልጄ አናግረኝ» አልሁት። ፊቱን አዙሮ ወጣ። ስለዚህ ከሞትሁ በኋላ «ይቅር ብላዋለች» ብሎ ማንም በእኔ ስም እንዳይናገር። አልተጠየቅሁም።

አሁን ወደ ንብረቴ ልግባ።

የስፌት መኪናዬን ለአበባ ሻጯ ላወርስ አስቤ ነበር። አስተማሪው፣ ለኑዛዜው ምስክር የሆነ ሰው መውረስ እንደማይገባው ሲነግረን፣ መኪናው ቀርቶባት መመስከሩን መረጠች። ስለዚህ መኪናው አብራኝ ለምትሰፋው ባልደረባዬ ይሁን። መደርደሪያው ላይ ያለው ተቆርጦ ያልተሰፋ ልብስ ሁሉ ተሰፍቶ ለባለቤቱ ይድረስ። የሠፈሩን ሰው ወገብ ልክ ግን ለማንም አልናገርም፤ ይዤው እሄዳለሁ።

ከመንገድ በኩል ያለው ሱቅና ሳሎኑ የታላቋ ልጄ ነው። እኔን ያስታመመች፣ በክሱ ጊዜ ከሥራዋ እየቀረች ከፍርድ ቤት አግዳሚ ወንበር ያልተለየችኝ እሷ ናት።

ከጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች፣ ትንሿ ትተኛበት የነበረውም ጭምር፣ የወንዱ ልጄ ናቸው።

ይህን ስናገር ታላቋ ልጄ ተነሥታ ቆመች። ከፍርዱ ወዲህ ከወንድሟ ጋር አይነጋገሩም። «እማዬ፣ የእሷን ክፍል ለእሱ?» አለችኝ። መካኒኩም፣ ማኅበሩን ከተወ ብቻ እንዲወርስ ተብሎ ይጻፍ ሲል መከረ።

ለሁለቱም የመለስሁት ይጻፍ። ልጄን በሁለት ክፍል ቤት ከእምነቱ አልገዛውም። ያ ሰው ልጄን «ብትውጪ ከሃዲ ነሽ» ብሎ አስጨነቃት፤ እኔ ደግሞ ወንድሟን «ብታምን ቤት የለህም» ብለው ከእሱ በምን እሻላለሁ? የፈለገውን ይመን፣ የፈለገበት ይጸልይ። ድርሻው ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ የእሱ ነው።

ልጄ ሆይ፣ አንቺ ደግሞ ወንድምሽን ውደጂ ብዬ አላዝሽም። እኔ ራሴ ስንት ቀን አቅቶኛል። የግቢው በር አንድ ነው፤ ስትገቡና ስትወጡ መተያየታችሁ አይቀርም። ሰላምታ የማትሰጪበት ቀን ቢኖርም በሩን አትቆልፊበት። እሱም ያቺን ልጅ አጥቷል፤ ያውም እቅፉ ውስጥ።

ስሞት በትንሿ ልጄ ጎን ቅበሩኝ። ወንዱ ልጄ በራሱ ሥርዓት ሊጸልይልኝ ቢወድ ማንም አይከልክለው። አንድ ነገር ግን እለምነዋለሁ። በማኅበሩ ፊት ቆሞ እህቱ እንዴት እንደሞተች ይናገር። መድኃኒት እንደነበራት፣ ማን እንደወሰደባት፣ በሩ እንደተዘጋ ይናገር። እዚያ ውስጥ ዛሬም የታመሙ ልጆች ያሏቸው እናቶች ተቀምጠዋል። ይህን ባያደርግ ከርስቱ ምንም አይቀነስበትም። አስተማሪ፣ «ለመነችው» ብለህ ጻፍ፤ «አዘዘችው» እንዳትል።

ቃሌ ይኸው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

የተናዛዧ ፊርማ — እማማ ሜትር፣ ልብስ ሰፊ

ከቃሏ አንዲት ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌያለሁ — ጡረተኛው አስተማሪ

ስትናገር ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን ምስክር ሆነናል —
መካኒኩ
የክሊኒኩ ነርስ
አበባ ሻጯ

ታላቋ ልጅ በራሷ እጅ የጨመረችው — ስለ ጓሮው ክፍል ከእናቴ ጋር አልተስማማሁም። ቃሏን ግን ሰምቻለሁ። ግልባጩን ለወንድሜ ወስጄ የምሰጠው እኔው ነኝ።