ጫማውን አይቼ ያመንኩት ሰው

ለውድ ወንድም ጋሼ ቢዮንጉክ፣

እንደምን ከርመሃል? የጃካርታ ሙቀት አልበረታብህም? ባለቤትህ ሱጂንስ፣ ልጆቹስ ጤና ናቸው? እኔና እማማ አለን። አባባም አለ። «አለ» ብዬ ለመጻፍ የበቃሁት በተአምር ነው፤ ተረጋግተህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ሳምንት ቅዝቃዜው ሲገባ ወለሉን የሚያሞቀው ቦይለር ቆመ። የሕንፃችንን ቦይለሮች ሃያ ዓመት የጠገኑትን ጋሽ ፕዮን መቼም አትረሳቸውም፤ በተቀደደ ካልሲ ገብተው «ይሄን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ» እያሉ የሚቆጡትን። እማማ እሳቸው ይጠሩ አለች። እኔ ደግሞ ቁጣቸውን ሽሽት በራችን ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ቁጥር ወስጄ ደወልኩ።

የመጣው ወጣት ልብሱ የተተኮሰ ነው። ጫማውን አውልቆ ጫፉን ወደ ውጭ አዙሮ አሰለፈ፣ ወለሉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈ፣ ሻዩን በሁለት እጁ ተቀበለ። «አባባ፣ ዛሬ ሞቆዎት ነው የሚያድሩት» ሲለው አባባ ልቡ ቅቤ ጠጣ። እማማ በጆሮዬ «የሙያ ፈቃዱን ጠይቂው እንጂ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ወረቀት አሳየኝ ይባላል? አፈርኩ። ይልቁንም ፖም ልጬ አቀረብኩለት። ይኸው እስከዛሬ ያቺ ፖም ታንገበግበኛለች።

ቦይለሩን አስነስቶልን በሄደ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አባባ ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም አለ። እኔንም ሲያዞረኝ የትናንቱ ሾርባ ነው ብዬ አለፍኩት። እማማ ግን ቤት በከሰል ይሞቅ በነበረበት ዘመን በጭሱ ታፍነው የሞቱ ጎረቤቶቿን የቀበረች ናት። ሁለታችንን አየት አደረገችና ፊቷ አመድ መሰለ። «ጋዝ ነው፣ ተነሺ» ብላ መስኮቱን ሁሉ በረገደችው። አባባን በብብቱ ይዘን ወደ ኮሪደሩ ጎተትነው። እንደ ድሮው የጋዝ ማርከሻ ነው ብላ በጨው የተነከረ የፍጅል ውሃ ልታጠጣው ስትል የአምቡላንሱ ሰው «እማማ፣ እሱ ይቆየን» ብሎ ጣሳውን ተቀበላትና ኦክስጅን አደረገለት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ...» አለና ቀሪውን ተወው።

ጋሽ ፕዮ ወሬውን ሰምተው ሳይጠሩ መጡ። የቦይለሩን የጭስ መውጫ ቱቦ ነካ ሲያደርጉት ከመጋጠሚያው ወልቆ እጃቸው ላይ ቀረ። ያ ጨዋ ሰው በተራ ፕላስተር ነበር ያጣበቀው። ስልኩም አይነሳም። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ መፍቻቸውን አንስተው ሥራቸውን ጀመሩ። ቱቦውን አጥብቀው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ስማቸውንና ስልካቸውን በወረቀት ጽፈው ቦይለሩ ላይ ለጠፉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ገበያ መፈለጊያ ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደሚለጥፉት ጠየቅኳቸው። «ሰው ከሞተ ማንን እንደሚይዙ እንዲያውቁ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ አንተም ቤት የሚገባውን ጠጋኝ ስሙን ሳትጠይቅ አታስገባ። ሱጂንን ሳምልኝ፣ ልጆቹን እቀፍልኝ። እማማ ልብስህን ደርብ ብላለች፤ ሙቀት አገር ነው ብላት አልሰማ አለች። አባባም ናፍቆቱን ይልክልሃል። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ የጋሽ ፕዮን ወረቀት ሳያነብ አይተኛም።

እህትህ ሚራን
ወንጁ፣ ዲሴምበር 11