ዛፍ ያልተተከለበት ማሳ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእታለማሁ ዋኘው፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? የኩዌት ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እዚህ ብርዱ እያንቀጠቀጠን አንቺ በሙቀት ስትንገላቺ ሳስብ፣ ምነው እኩል በተካፈልነው እላለሁ። ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም፣ አምላክ ይመስገን። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የካሳነሽ ልጅ ኢየሩስ ይዛልሽ ትመጣለች። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። በስልክ ስናወራ እነ እማዬ ዙሪያውን ከበው ስለሚያዳምጡ፣ አንቺም እኔም ደህና ነን ከማለት አናልፍም።

ስለ እኔ ከጠየቅሽ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆኛለሁ። ዳንግላ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህር ቢያጣ፣ ጂኦግራፊ የተማርኩትን እኔን አንቺ ያዢልን አሉኝ። የማላውቀውን ማስተማር ስላሳፈረኝ የኢኮኖሚክስ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ለመያዝ ተመዘገብኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ እንጅባራ እመጣለሁ፤ ማታ ዘንገና ከእነ አባዬ ዘንድ አድራለሁ። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ለፈተና ሳጠና የራሴ ተማሪ አይቶኝ፣ ቲቸር እርስዎንም ይፈትኑዎታል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ሰኞ ወሬው ክፍሉን አዳርሶ ጠበቀኝ።

ባለፈው መምህራችን ስለ ምርጫ ሲያስረዱን፣ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋው እሱን ብለን የተውነው ሌላው ነገር ነው አሉ። ሌሎቹ ሲጽፉ እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ በሐሳብ ጭልጥ አልኩ። አንቺና እኔ በአንድ ገሳ ተጠልለን፣ ዝናቡ እየወረደብን በዘንገና ሐይቅ ዳር ትምህርት ቤት ስንሄድ ታየኝ። ደብተራችን እንዳይረጥብ ሆድሽ ላይ አቅፈሽ፣ መንገዱን ሙሉ የማባዛት ጥያቄ ትጠይቂኝ ነበር። ከተሳሳትኩ ደግሞ ከገሳው ታስወጪኛለሽ። አቤት ጭካኔሽ! እኔ እኮ ሒሳብ የቻልኩት ዝናብ ፈርቼ ነው። ስንመለስ ከቤታችን በታች ካለው ማሳ ድንች ቆፍረን በፍም እንጠብስና፣ አፋችን ጠቁሮ እየተያየን እስኪያመን እንስቅ ነበር። አሁን ድንች ስበላ ያ ጣዕም የለውም። ያ ጊዜ ናፈቀኝ፤ አንቺም በጣም ናፈቅሽኝ።

አገሩ ብታዪው ተለውጧል። ገብስና ድንች የነበረበት ሁሉ ዲከረንስ ሆኗል፤ ለከሰል የሚተከለው ያ ዛፍ። ከአስፋልቱ ወርደሽ ስትመጪ እንደ ድሮው ቤታችን ከሩቅ አይታይሽም። ሰው ተጠቅሞበታል፤ ወንድማችን ይኸነውም በድርሻው ላይ ተክሎ ጥሩ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። እሰየው ነው እንጂ አልፈርድበትም። ግን በዛፎቹ መሐል ሳልፍ አንዳንዴ ባደግሁበት ቀዬ መንገዱ ይጠፋኛል።

ለማጠናቀቂያ ጽሑፋችን፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ መሬቱን ለምን ለምን እንደሚያውለው አጥንታችሁ አምጡ ተባልን። እኔም አባዬን መረጥኩ። ሁሉንም በደስታ መለሱልኝ፤ ከቤት በታች ያለውን ማሳ ግን ሣር ነው ብለው አለፉት። መምህሬ ወረቀቱን አይተው፣ እንዲህ ያለ ለም መሬት ያለ ምክንያት አይቀመጥም፣ ሳትጠይቂ የቀረሽው ነገር አለ፣ ተመለሽ አሉኝ። ተመልሼ ጠየቅኋቸው። አባዬም ልባቸው ሲነካ እንደሚያደርጉት በአገውኛ፣ እሱ የእታለማሁ ድርሻ ነው፣ ስትመጣ ቤት ትሠራበታለች አሉኝ። ዛፍ ከተተከለበት እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው፣ ልጄ በመሐሉ መጥታ መግቢያ ብታጣስ አሉ። እኔም ደብተሬን ዘግቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ።

እታለማሁ፣ አንቺ በየዓመቱ ለመስቀል እመጣለሁ ትያለሽ። እኛን ለማስደሰት ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም በቦታሽ ብሆን እንደዚያው እል ይሆናል። አባዬ ግን ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ወደዚያ ማሳ ወርደው አረሙን ይነቅላሉ። አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፣ ማረስ አቅቷቸዋል። ለይኸነው ከሰጡት ሌላ የቀራቸው መሬት እሱ ብቻ ነው፤ ዛፉ ደግሞ አንዴ ከተተከለ እርሻ አይፈልግም፣ በስተርጅና ይጦራቸው ነበር። ይኸነው ችግኙን አዘጋጅቶ ሰኔን እየጠበቀ ነው፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አባዬን አሳምኚልን ይለኛል። እኔ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ሒሳቡ ትከሉ ይላል። ግን አባዬን ይትከሉበት ማለት፣ እታለማሁ አትመጣም ማለት ሆኖብኝ ሳልላቸው ቀረሁ።

ስለዚህ አንቺን እጠይቅሻለሁ። የምትመጪ ከሆነ እልል እላለሁ፣ ይኸነውንም እኔ አስታግሰዋለሁ። የማትመጪ ከሆነ ግን ለእኔ ብቻ እውነቱን ላኪልኝ። ማንም አይቀየምሽም። እዚያ የሚያስቀርሽ ሰው አግኝተሽ ከሆነም ደስ ይለኛል እንጂ አልከፋም። ለአባዬ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ባላውቅም። ብቻ ደስ ይበላቸው ብለሽ እመጣለሁ አትበዪ።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ስማሻለች፤ ወገብሽን ዘይት እሺው በያት ብላለች። ይኸነው ሰላም ብሎሻል፤ በዚህ ነገር ክፉ እንዳትዪው፣ ለእነ አባዬ አስቦ ነው። ሚስቱን እንቁን በጣም ናፍቀሻታል። በፎቶ ብቻ የሚያውቅሽ ልጃቸው ምህረቴ፣ አክስቴ ከአንቺ ትበልጣለች ወይ እያለ ቁመትሽን ይጠይቀኛል። አባዬ በር ላይ ተቀምጠዋል። የጠየቅሁሽን አያውቁም፤ እንደምጽፍልሽ ግን ያውቃሉ። ምን ልበልልዎ ብላቸው ሰላም በያት አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ በክረምት እንዳትመጣ ጻፊላት፣ ጭቃው ያስቸግራታል፣ በጥቅምት ትምጣ፣ የማሳዋን ሣር እስክታየው ሳላጭድ አቆይላታለሁ አሉ።

ታናሽ እህትሽ
የምሥራች ዋኘው

ዘንገና፣ እንጅባራ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.