ቀሚሴን ገልብጬ የለበስኩ ዕለት

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለማልጠግብሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

በመጀመሪያ ሳቂብኝ፤ ቀጥሎ የምነግርሽ አያስቅም። ያቺን የላክሽልኝን ሰማያዊ ቀሚስ የማገገሚያ ቤታችን ክብረ በዓል ዕለት ገልብጬ ለበስኳት። ስፌቷ ወደ ውጭ፣ አንገቷ ላይ ያለችው ጨርቅ እንደ ምላስ ወጥታ! እንደዚያው ሆኜ እንግዳ ተቀበልኩ፣ ንግግር አደረግሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ፎቶም ተነሳሁ። ፎቶው ሲደርስሽ አጉልተሽ አትዪው።

ማንም አልነገረኝም እንዳልልሽ፣ አንድ ሰው ነግሮኛል። ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው።

የበራችንን ሥርዓት ታውቂያለሽ። በአባትሽ ጋራዥ ውስጥ በአንድ ድስት ሾርባ ስንጀምር ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ጎዳና ላይ የከረመ፣ መጠጥና ዕፅ ያደከመው ሰው በር ላይ «ማነህ? ከየት መጣህ?» አይባልም። አዲስም ይሁን፣ ስንቴ ወጥቶ የተመለሰም ይሁን፣ ዘበኛችን ሻለቃ ሲጠበቅ እንደነበረ ሰው «ዛሬ ቆየህብን፣ ግባ» ይለዋል። (ሻለቃ የተባለው በሚለብሰው የወታደር ካፖርት ነው እንጂ ወታደር ሆኖ አያውቅም። እሱም ራሱ በዚሁ በር «ቆየህብን» ተብሎ የገባ ነው።) ስንቱ በዚህች ቃል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ መሰለሽ! እንግዳ በመጣ ቁጥር የማወራላት፣ የምኮራባት ቃል ናት።

ያን ዕለት እኔው ራሴ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከጎኔ የእንግዶቹ መሪ አለች፤ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ፣ ደግ ሴትዮ። ሰዎች ከመኪና ላይ ወንበር ያወርዳሉ። ከእነሱ አንዱ የያዘውን ወንበር አስቀምጦ ጠጋ አለኝና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማ፣ ቀሚስሽ ተገልብጧል» አለኝ።

ወንድምሽ ነበር።

ከስቷል። አንድ ጥርሱ የለም። ግን ፊቱን ታጥቧል፤ ፀጉሩንም በውኃ ወደ ኋላ አስተኝቶታል፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል እኔ እንዳደረግሁለት። መጠጥ አይሸትም። ይህን ሁሉ በአንዴ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አላየሁትም ብዬ ማምለጫ የለኝም።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ «ልጅዎ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ አይደለም!» አልኩ። ሳቅሁ እኮ ደግሞ! «እዚህ ሁሉም እማ ነው የሚሉኝ።»

«እንዴት ያለ መታደል ነው!»

እሱ አየኝ። ከዚያ ለሴትዮዋ ጎንበስ አለና፣ «እውነታቸውን ነው፣ የሁላችንም እናት ናቸው» ብሏት ወንበሩን አንስቶ ሄደ። የወለድኩት ልጅ አንቱ አለኝ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ አንቺ አታጪውም። ሰፈሩ የሚያውቀው ከአንቺ ጋር ውጭ አገር እንደሚኖር ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ባገኘችኝ ቁጥር «እንዴት ነው፣ ብርዱን ለመደው?» ትለኛለች። እኔም የት እንደሚያድር እያወቅሁ «ለመደው» እላታለሁ። አንቺንም በስልክ አስዋሽቼሻለሁ። ሱስ በሽታ ነው እያልኩ ስንቱን እናት አጽናናሁ፤ የራሴ ልጅ ሲሆን ግን ነውር ሆነብኝ።

እንግዶቹ ሲሸኙ ሻለቃ ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ።

«እትዬ፣ ሥራ ልለቅ ነው።»

«ምን ሆነህ?»

«በሩ ላይ የሚባለው ተቀየረ መሰለኝ። ‹ኧረ አይደለም› ሆኗል።»

«ሻለቃ፣ አትቀልድ!»

«የምን ቀልድ? ያ ልጅ ወንበር ሊያወርድ የመጣ መሰለዎት? ጠዋት መጥቶ ‹ዛሬ ልግባ ብዬ ነው› አለኝ። ‹ቆየህብን፣ ግባ› አልኩት። ‹አይ፣ እሷ ራሷ ትበለኝ› አለ። እርስዎን እስኪያገኝ ነው ወንበር ሲሸከም የቆየው።»

«አሁን የት ነው?»

«‹እንግዶች አሏት፣ አታስቸግሯት› ብሎኝ ሄደ።»

መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ያችን የወጣች ምላስ በመስተዋት ያየኋት ያኔ ነው። አላስተካከልኳትም፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሁሉም ክብ ሠርተው ሌሊቱን እንዴት እንዳለፉት በሚያወሩበት ሰዓት፣ ሁልጊዜ ጠያቂዋ እኔ ወንበር ሳብኩና «ዛሬ እኔም ልናገር» አልኩ። «ትናንት በር ላይ ያናገረኝ ልጄ ነው። አይደለም አልኩ።»

ከዚያ አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የምንላት ልጅ፣ «እማ፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለች። «ድልድዩ ሥር አብረን አድረናል። ግንባሩ ቁርጥ የእርስዎ ነው። እርስዎ እስኪያምኑ ስንጠብቅ ነበር።»

«ቀሚሱንም አይተን ነበር» አለ ድሮ ሾፌር የነበረው ሰውዬ ከጥግ። «ግን ማን ይድፈር? እንዲህ ያለውን የሚናገር የወለዱት ብቻ ነው።»

ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ በድልድዩ ሥር፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በመጠጥ ቤቶቹ ጓሮ ስፈልገው ሰነበትኩ። አየሁት የሚል እንጂ የሚያሳየኝ አጣሁ። በመጨረሻ ለአንድ ጓደኛው «በሩ ላይ ተረኛዋ እናትህ ናት በለው» ብዬ መልእክት ሰጠሁ።

ልብስ ሰፊዋም «ብርዱን ለመደው?» ስትለኝ፣ «ምን ይለምደዋል! እዚሁ ነው ያለው፣ መንገድ ላይ» አልኳት። ባሏ መስክ ሥራ ላይ ነው ስትለን የኖረችው ሴት መቀሷን አስቀመጠችና ምን አለችኝ መሰለሽ? «የእኔስ ባል መቼ መስክ ሥራ ሄደ ብለሽ ነው?» (ይህቺን ለማንም እንዳትተነፍሺ። ዛሬ ከሰዓት ስለ እሱ ልታማክረን እዚህ ትመጣለች።)

ስለዚህ ከእንግዲህ ሰው ደውሎ ቢጠይቅሽ «ከእኔ ጋር ነው» አትበይ። ወንድሜ ታሟል፣ እናቴ እየጠበቀችው ነው በይ።

ይህን የምጽፍልሽ በሩ ላይ፣ የሻለቃ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። እሱ ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርት እየላጠ ያጉረመርማል። ከጠዋት ጀምሮ ለሚመጣው ሁሉ «ዛሬ ቆየህብን» እላለሁ፤ ቃሏ ግን ወንድምሽ እስኪመጣ አፌ ውስጥ ትሻክረኛለች። ሰማያዊ ቀሚስሽንም ለብሻታለሁ፣ ስፌቷን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ሆን ብዬ። ሲመጣ የሚለኝ ነገር እንዳያጣ።

መንገድሽ ይቃና፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ከመጣ በመጀመሪያ ምን እንዳለኝ እጽፍልሻለሁ። ከቀረም እጽፍልሻለሁ፤ ከእንግዲህ መደበቅ የለም።

የሁለታችሁ እናት